ላሜራው ተለውጧል፤ መዶሻውስ? የዛሬ መኪና ቁሶችና የምዕራብ ሸዋ ጋራዦች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚገባው፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደው አውራ ጎዳና የብዙ ዘመን ተሽከርካሪዎችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። በአሮጌ መኪና አክሰልና ጎማ ላይ የተገጠመ የፈረስ ጋሪ አለ። አካሉ በአገር ውስጥ የተቀጠቀጠ አይሱዙ አለ። ከአዳ በርጋ ወረዳ የሙገርና የዳንጎቴ ፋብሪካዎች ሲሚንቶ የሚያመላልስ ሲኖትራክ፣ ሕዝብ የሚያጓጉዝ አባዱላ፣ በየከተማው ውስጥ ውስጡን የሚሽሎከለክ ባጃጅ አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ድምፅ አልባዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተጨምረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነውና፣ ይህ አካባቢ ከመንኮራኩር ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው።

ስለ መኪና ስንነጋገር የምናነሣው ሞዴሉን፣ ዋጋውን፣ የነዳጅ ፍጆታውንና የመለዋወጫ ጉዳዩን ነው። ከምን እንደተሠራ እምብዛም አንጠይቅም። ነገር ግን ባለፉት አርባ ዓመታት በመኪና ላይ ከደረሱት ለውጦች ሁሉ ትልቁ የደረሰው በዚሁ በማይጠየቀው ነገር ላይ ነው። ከላይ ሲታይ ያው ቀለም የተቀባ ብረት ይመስላል። ከቀለሙ ሥር ግን ጥንካሬያቸው አምስት እጥፍ የሚበላለጥ ብረቶች፣ አሉሚኒየም፣ በርካታ ዓይነት ፕላስቲክ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ከሆነም በብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዘን ባትሪ አለ። እያንዳንዱ ቁስ የራሱ የአጠጋገን ደንብ፣ የራሱ አደጋና የራሱ አወጋገድ አለው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ መኪናው ከነአዲስ ቁሱ ወደ ከተሞቻችን ገብቷል፤ ስለ ቁሱ ማወቅ ያለብን ግን አብሮት አልገባም። ክፍተቱ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

ብረት ሁሉ አንድ አይደለም

የዛሬም መኪና ዋና ቁሱ ብረት ነው። የዓለም ብረት ማኅበር እንደሚያሰላው አንድ ተሽከርካሪ በአማካይ 900 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ይይዛል። በዚህ ረገድ ጋራዦቻችን ባዕድ አይደሉም። ባትላሜራ ሠሪው የተጣመመ ፓራፋንጎ ሲያቃና፣ የተጨራመተ በር ሲያወጣ፣ ስቱኮ ቀብቶ ሲያለሰልስ ላየው ሰው እጁ የሠለጠነ ጥበበኛ ነው። ችግሩ እጁ የሠለጠነው በለስላሳው ላሜራ ላይ መሆኑ ነው።

ለስላሳው ብረት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ሲጎትተው ይበጠሳል። ኮፈንና ፓራፋንጎ የሚሠሩት በአብዛኛው ከዚህና ከሚቀርበው ዓይነት ነው። ሲመታ ይጎደጉዳል፣ በመዶሻ ሲመለስ ይመለሳል። አዲሶቹ መኪኖች ግን ሰውን የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ሌላ ብረት አላቸው። በፊትና በኋላ በር መካከል ያለው ምሰሶ፣ የጣሪያው ጠርዝ፣ ከበሩ በታች ያለው ደፍና በበሩ ውስጥ የተጋደመው ዘንግ ጥቂት ቦሮን ከገባበት ብረት ይሠራሉ። ይህ ብረት 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እስኪደርስ ይግላል፤ ትኩስ እንዳለ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይጨመቅና እዚያው በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ከዚህ በኋላ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 150 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ዘዴው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን የተጀመረ ሲሆን፣ በ1984 የወጣው ሳብ 9000 በበሮቹ ውስጥ በመጠቀም ፈር ቀዳጅ ሆነ። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ መኪኖችም የተለመደ ነው።

ይህን ብረት የወለደው እሳትና ፈጣን ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ዳግመኛ እሳት ሲነካው የተሰጠውን ጥንካሬ ያጣል። በጋራዦቻችን ደግሞ የተጣመመ ምሰሶን ለማቃናት ቀዳሚው መሣሪያ የኦክሲጂንና የካርባይድ ነበልባል ነው፤ ነበልባሉም ከ3,000 ዲግሪ ያልፋል። ምሰሶው ቀልቶ ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ቀለም ይረጫል። ለዓይን እንከን የለውም። ነገር ግን መኪናው ዳግም ሲጋጭ ወይም ሲገለበጥ ያ ምሰሶ እንደ ተራ ላሜራ ይታጠፋል። አምራቾች እንዲህ ያለ አካል በእሳት እንዳይቃና የሚከለክሉትና በአዲስ እንዲተካ የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ ብረት ሳይቀር ይሠራል።

ሌላው የማይታይ ለውጥ ዚንክ ነው። የዛሬ ላሜራ ዝገት እንዳይበላው በስስ የዚንክ ሽፋን ተለብጦ ይመጣል። ብየዳና ነበልባል ይህን ሽፋን ያቃጥሉታል፤ ስለዚህ ከጥገና በኋላ ቀድሞ የሚዝገው የተበየደው ቦታ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በማይለየው ደጋ ላይ ደግሞ ዝገት ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የሠራተኛው ጤና ነው። የሚቃጠለው ዚንክ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ የተነፈሰው ሰው ማታ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። በጠባብ ቤት ውስጥ ያለ መሸፈኛ የሚበይድ ወጣት ሕመሙን ብርድ ወይም ወባ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

በጭነት መኪናና በቅጥቅጥ አውቶቡስ በኩል ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። አይሱዙው ሻንሲና ሞተር ሆኖ ይመጣል፤ የመንገደኛው ቤት ወይም ስፖንዳው እዚህ አገር ከላሜራ፣ ከካሬ ብረትና ከአንግል ይሠራል። ይህ የራሳችን ኢንዱስትሪ ነው፤ ብዙ ወጣቶችንም ያኖረ ነው። ሆኖም የቅጥቅጡ ጣሪያ መኪናው ሲገለበጥ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ቀድሞ ተሰልቶ የሚሠራበት አሠራር ሊኖር ይገባል። የመቀመጫ ብዛት ለመጨመር ሲባል ሻንሲ ቆርጦ ማስረዘምም እንዲሁ ነው። የከባድ መኪና ሻንሲ ክብደት የሚያከፋፍለው ሳይቆረጥ በመዝለቁ ነውና፣ ያለ ስሌት የተበየደ ሻንሲ ድካሙ የሚከማቸው በብየዳው ጠርዝ ላይ ነው።

የድሮው ይሻል ነበር?

በየከተማው የሚሰማ ክርክር አለ። የድሮ መኪና ብረት ነበር፤ የአሁኑ ሲነኩት የሚጨማደድ ቆርቆሮ ነው ይባላል። አሮጌ ኮሮላ ወይም ላንድሮቨር የነዳ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም፤ በትንሽ ግጭት ፓራውልቱ ተንኮታኩቶ ለመለዋወጫ ብዙ ብር ያወጣ ባለቤትማ ምሬቱ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ መጨማደዱ ጉድለት አይደለም፤ ታስቦ የተሠራ ነው። የኦስትሪያ ተወላጁ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ በመርሴዲስ ቤት ሳለ ያመጣው ሐሳብ የመኪናው አፍንጫና ጭራ ተጨማድደው የግጭቱን ኃይል እንዲበሉት፣ ሰው የተቀመጠበት መሃሉ ግን ሳይታጠፍ እንዲቆም ነው። መርሴዲስ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን በገበያ መኪና ላይ አዋለው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ አንድ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ተቋም የ1959 ሸቭሮሌ ቤል ኤርንና የ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡን ፊት ለፊት አጋጨ። የግዙፉና የደንዳናው ቤል ኤር የሹፌር ቦታ ተደረመሰ፤ በውስጡ ሰው ቢኖር በሕይወት አይተርፍም ነበር። በማሊቡው ውስጥ ያለ ሰው ግን በቀላል የእግር ጉዳት ይወጣ ነበር። ስለዚህ የክርክሩ መልስ ይህ ነው፦ አዲሱ መኪና ለራሱ ደካማ፣ ለሰው ብርቱ ነው። ብርቱ የሚሆነው ግን ለስላሳው በለስላሳነቱ፣ ጠንካራው በጠንካራነቱ ከቆየ ብቻ ነው። የሚጨማደደውን አፍንጫ በወፍራም ብረት አጠናክሮ የበየደ፣ የማይታጠፈውን ምሰሶ ደግሞ በእሳት ያለሰለሰ ጥገና ሁለቱንም ገልብጧቸዋል።

አሉሚኒየም፦ ሳይቀላ የሚቀልጥ

አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ክብደት ሲቀንስ ነዳጅ ይቀንሳል፤ በኤሌክትሪክ መኪናም በአንድ ቻርጅ የሚኬደው ርቀት ይረዝማል። ኦዲ በ1994 (እ.ኤ.አ.) አካሉ በሙሉ የአሉሚኒየም የሆነ ኤ8 አወጣ። ፎርድ ደግሞ ኤፍ-150 የተባለውን ፒክ አፕ አካል ለ2015 ሞዴል ወደ አሉሚኒየም ሲለውጥ ከክብደቱ እስከ 318 ኪሎ ግራም ድረስ እንደቀነሰ አስታውቋል። በእኛ ጎዳና ላይ በሚታዩት መኪኖች አሉሚኒየም በብዛት ያለው በሞተር ቴስታታ፣ በካምቢዮ ቤት፣ በራዲያተርና በአንዳንድ ቸርኬ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪውን የሚይዘው ሳጥን ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው።

ከጉደር ወደ ጌዶ የሚያስወጣው አቀበት የቴስታታ ፈተና ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሞተር ብሎክ በእጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሞተሩ ውሃ ጨርሶ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ብዙ አሽከርካሪ በራዲያተር ውስጥ ኩላንት በመጨመር ፈንታ የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ ይሞላል። በውሃው ያለው ማዕድን ግን በቀጫጭኑ መተላለፊያ ላይ ይጋገራል፤ ዝገት መከላከያ የሌለው ውሃም አሉሚኒየሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በኩላንት ላይ የተቆጠበው ብር በቴስታታ ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

የአሉሚኒየም ብየዳ የተለየ ሙያ ነው። ብረት ከመቅለጡ በፊት ይቀላል፤ በያጁ በቀለሙ ይመራል። አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ቀለሙን አይለውጥም። አሁን ደኅና ሆኖ የታየው አካል በቅጽበት ፈስሶ መሬት ላይ ይገኛል። ከላዩ ያለው ስስ ሽፋን ደግሞ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ስለማይቀልጥ በአርጎን ብየዳ፣ በሚገባ ተጠርጎ መሠራት አለበት። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸውም አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ፋብሪካው በመካከላቸው ማጣበቂያ ወይም ማገጃ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ማገጃውን አንሥቶ በተራ ቡሎን ያሰረ ጥገና ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል።

ፕላስቲክ፣ መስታወትና ጎማ

ከዘመናዊ መኪና ክብደት ፕላስቲክ የሚይዘው አሥር በመቶ ያህል ነው፤ ከይዘቱ ስፋት ግን ግማሽ ያህሉ ፕላስቲክ ነው። ፓራውልት፣ ዳሽቦርድ፣ የበር ውስጥ ልባስ፣ የመቀመጫ ስፖንጅ፣ የመብራት መስታወት የሚመስለው ሽፋን ሁሉ ፕላስቲክ ነው። ግን አንድ ፕላስቲክ አይደለም። ፓራውልት በብዛት ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራል፤ የመብራቱ ሽፋን ፖሊካርቦኔት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር በሙቀት አይጣበቅም። በክፍሉ ጀርባ የታተመውን የዓይነት ምልክት ሳያነብ የበየደ ሰው ሥራው በመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ይለቅበታል።

ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ፖሊካርቦኔቱ መከላከያ ቅባቱ ሲያልቅ ይወይባል፤ የመብራቱ ብርሃን ይደበዝዛል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ጋሪ፣ ከብትና እግረኛ በጋራ በሚጠቀሙበት የማታ መንገድ ላይ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የፊት መስታወትም እንዲሁ ልብ ይባል። በሁለት መስታወት መካከል የፕላስቲክ ሽፋን ተነባብሮ የተሠራ ስለሆነ ሲሰበር አይበተንም፤ የጎኑ መስታወት ግን ወደ ትናንሽ ጥርሶች ይደቃል። በፊቱ ቦታ ተራ መስታወት ቆርጦ መግጠም ነፍስን አሲዞ መጓዝ ነው።

ጎማ የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ ላስቲክ፣ የካርቦን ጥላሸት፣ ድኝ፣ የብረት ሽቦና የናይለን ክር ድምር ነው። ላስቲኩ ባይሄድም ያረጃል። በጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ከጎሚስታ ቤት ጥርሱ ያልተነካ ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህን ያንብብ።

የኤሌክትሪክ መኪና፦ አዲስ ማዕድን፣ አዲስ ጥያቄ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. በወጣው የቀረጥ ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሆኗል፤ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ መኪናው 15 በመቶ እንዲከፍል ተደርጓል። ስለዚህ በምዕራብ ሸዋ ከተሞችም የወደፊቱ የቤት መኪና የኤሌክትሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ መኪና የቁስ ለውጥ የተከማቸበት ነው። በነዳጅ መኪና ውስጥ 23 ኪሎ ግራም ያህል መዳብ ሲኖር በኤሌክትሪኩ ውስጥ ከ80 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ሞተሩ ውስጥ በአብዛኛው ኒዮዲሚየም የተባለ ብርቅ ማዕድን ያለበት ማግኔት አለ። ባትሪው ሁለት ዋና ዓይነት ነው። አንደኛው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት አለበት፤ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል። ከዓለም ኮባልት ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጠው የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው። ሁለተኛው የብረትና የፎስፌት ነው፤ ኮባልትም ኒኬልም የለውም፣ ይከብዳል፣ ግን ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ቢዋይዲ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ባትሪ ከዚህ ወገን ነው። ገዢ ከቀለሙና ከስክሪኑ ስፋት በፊት ባትሪው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ባትሪው የተነጠፈው ከመኪናው ወለል ሥር ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ በሚያስገባ ኮረኮንች ላይ ድንጋይ የሚመታው እሱን ነው። ሳጥኑ ከተጎደጎደ ወይም ከተሰነጠቀ በመዶሻ አይቃናም፣ በእሳትም አይነካም። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ገመድ ሁሉ የመቶዎች ቮልት ኃይል የሚያልፍበት ነውና ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም።

ከዚህ ጋር የአገራችን ማዕድን ጥያቄ ይነሣል። በአምቦ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ይኸው መንገድ ወደ ወለጋ ያደርሳል። እዚያ በጊምቢ አካባቢ የቢቂላል የብረት ማዕድን አለ፤ በዩብዶ ደግሞ ፕላቲነም ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። ፕላቲነም በነዳጅ መኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥ መርዛማውን ጋዝ የሚለውጥ ውድ ማዕድን ነው። በጉጂ ቀንጢቻ ለኤሌክትሮኒክስ የሚያገለግለው ታንታለምና ለባትሪ የሚሆነው ሊቲየም ይገኛሉ። በመኪና መገጣጠም በኩልም ታሪክ አለን፤ ከአምቼ ጀምሮ በሞጆው ሆላንድ ካር በኩል እስከ ማራቶን ሞተርና እስከ ደብረ ብርሃኑ የበላይነህ ክንዴ ፋብሪካ ድረስ። ነገር ግን መገጣጠም ቁስ ማምረት አይደለም። ማዕድኑ ከእኛ ወጥቶ ላሜራውና ባትሪው ከውጭ እስከገባ ድረስ ትርፉ የሚቀረው በመካከል ባለው ዕውቀት ዘንድ ነው።

ቆራሌው የሚገዛውና የማይገዛው

መኪና በእኛ አገር ቶሎ አይሞትም፤ ሲሞትም ከንቱ አይቀርም። ባሌስትራው ወደ ቢላና ማጭድ፣ አክሰሉ ወደ ጋሪ፣ ጎማው ወደ በረባሶ፣ አሉሚኒየሙ ወደ ድስት ይለወጣል። የቀረውን ቆራሌው ይገዛዋል፤ ብረቱ ቀልጦ ፌሮ ይሆናል። ይህ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው። አሉሚኒየም ዳግመኛ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። መሻሻል ያለበትም ነገር አለ፦ የመዳብ ሽቦ ከብረቱ ጋር አብሮ ከቀለጠ ብረቱን ያሰባብረዋልና ሽቦው አስቀድሞ ቢለይ ፌሮውም ይጠነክራል፣ ሻጩም ለመዳቡ ለብቻው ይከፈለዋል።

አደገኛው የእርሳስ ባትሪ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከሰል ያለው ሁሉ በጓሮው ሊያቀልጠው ይችላል። ጭሱና አቧራው የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ቢሆንም ባትሪው ዋጋ ስላለው ሜዳ ላይ አይጣልም። የኤሌክትሪክ መኪናው የብረትና ፎስፌት ባትሪ ግን በውስጡ ውድ ማዕድን ጥቂት ስለሆነ ቆራሌው የሚሮጥለት ዕቃ አይደለም። ዛሬ ደኅንነቱን የሚያወድሰው ሁሉ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚሰበስበው ከወዲሁ ሊያስብ ይገባል። ለመኪና የደከመ ባትሪ መብራት ላልደረሰበት ጤና ጣቢያ የፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ ሆኖ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ይህ ግን አሠራር ከተዘጋጀለት ነው።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ነገር ለምዕራብ ሸዋ ሩቅ አይደለም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ በዞኑ ከተሞችም ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። የጋራዥ ባለሙያዎችን በአጭር ሥልጠና፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ የብረት ዓይነት እንዲለዩ፣ በእሳት የማይነካውን አካል እንዲያውቁ፣ አርጎን ብየዳ እንዲለምዱ ማድረግ ይቻላል። የተማረው መሐንዲስ ከባትላሜራ ሠሪው እጅ፣ ባትላሜራ ሠሪው ከመሐንዲሱ ስሌት የሚማሩበት ዐውደ ጥገና ቢከፈት ሁለቱም ያድጋሉ።

አስመጪዎችም ድርሻ አለባቸው። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሞዴል የትኛው አካል ከምን እንደተሠራና የት ቦታ መቁረጥ እንደሚፈቀድ የሚያሳይ መመሪያ አለው፤ መኪናውን የሚሸጥ ሁሉ መመሪያውን አብሮ ቢሰጥ፣ መንግሥትም ይህን ግዴታ ቢያደርግ ወጪው ትንሽ ነው። ዓመታዊ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ ሲለጠፍም ከፍሬንና ከመብራት እኩል የምሰሶ፣ የሻንሲና የባትሪ ሳጥን ጥገና ሊታይ ይገባል።

ባለንብረቱ ደግሞ ጋራዥ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎችን ይያዝ፦ ይህ አካል ከምን ተሠራ? በእሳት ቢነካ ምን ይሆናል? መልስ ያለውን ባለሙያ ያክብር፣ ዋጋውንም ይክፈል። የርካሽ ጥገና ሒሳብ የሚወራረደው በግጭት ዕለት ነው፤ ከፋዩም ጥገናውን ያዘዘው ሰው ብቻ ሳይሆን ከኋላ መቀመጫ ላይ የተቀመጠው ልጅና ሊሳፈር የከፈለው መንገደኛ ነው። የእጅ ሙያው አለን፤ የቁስ ዕውቀቱ ሲጨመርበት የአምቦ ጋራዥ ለየትኛውም አዲስ መኪና የሚበቃ ይሆናል።